አገር ቤት ገብቼ ልያት

አባቴን ወደ ተሳሳተ አገር ልልካቸው ነበር። ቲኬቱ ተቆርጦ፣ ሻንጣው ታጭቆ፣ ጉባኤው እልል ብሎ፣ የቀረው መሳፈር ብቻ ነበር። ጥፋቱም የማንም አይደለም፤ የኔው ነው። እኔ ሰርካለም በዚህ ነው የምታወቀው፦ ሳይጠሩኝ አቤት፣ ሳይልኩኝ ወዴት።

ከእናትና ከአባቴ ጋር ካናዳ የገባሁት በአራት ዓመቴ ነው። አንድ የፈረንጅ ቤተክርስቲያን ከሱዳን ስፖንሰር አድርጎ ዊኒፔግ አስገባን፤ ብርዱ ስድስት ወር የማይለቅ ከተማ። አባባ እዚያ ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ሃያ ስምንት ዓመት ሠሩ። እኔን ፊደል ያስቆጠሩኝ አውቶቡስ ላይ ነው። መስኮቱ ከውስጥ በኩል አመዳይ ይይዛል፤ አባባ በጥፍራቸው ሀ ሁ ሂ ብለው ይጽፉበታል፣ እኔ በጣቴ እከተላለሁ። መውረጃችን እስኪደርስ ሁለት መስመር ያህል እንጨርስ ነበር። ከዚያ ወዲህ በአማርኛዬ እንደኮራሁ አለሁ። የዚህ ሁሉ ጣጣ መነሻም ያ ኩራት ሳይሆን አይቀርም።

ፋኑኤልን አግብቼ ወደ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከመጣሁ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። እናቴ ታደለች የሞተችው የዛሬ ሁለት ዓመት ነው፤ ለቀብሯ ሄጄ በሳምንቴ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። አባባ ከዚያ ብርድ ጋር ብቻቸውን ተፋጠጡ። ፔፐራቸው፣ የመኖሪያ ፈቃዳቸው፣ እንዳለቀ፣ ባለፈው መስከረም፣ እኔ ጋ አመጣኋቸው። ገላገልኳቸው ብዬ ነበር።

በመጡ በሳምንታቸው ፋኑኤልን «መኪናዋን የት ነው የምትሰካት?» ብለው ጠየቁት። እሱ ስለ ኤሌክትሪክ መኪና የሚያወሩ መስሎት «የኛዋ በጋዝ ነው የምትሄደው፣ አባባ» አላቸው። ዊኒፔግ ሞተሩ በብርድ እንዳይደርቅ መኪና ኤሌክትሪክ ላይ ተሰክታ እንደምታድር እሱ ከየት ይወቀው? ጥር ላይ ደግሞ ሁለት ኢንች በረዶ ይጥላል ተብሎ ትምህርት ቤቱ ተዘጋ፣ ከየሱቁ ዳቦና ወተት ጠፋ። አባባ በመስኮት አይተው «ይሄን ነው በረዶ የምትሉት? ይሄማ አመዳይ ነው» ብለው ሳቁ። ከሳቁ በኋላ ግን ወንበር ስበው እዚያው መስኮቱ አጠገብ ተቀመጡ። እስኪመሽ አልተነሱም። እኔ በኋላቸው ሳልፍ «እዚህ ይሻላል አይደል አባባ? ሞቅ ይላል» እላለሁ። «ይሻላል» ይሉኛል። ምን ይበሉኝ?

እሁድ እሁድ ወንዙን ተሻግረን አሌክሳንድሪያ፣ የሐበሾች ቤተክርስቲያን ነው የምናመልከው። ጉባኤው አባባን «የካናዳው ጋሽ ክፍሉ» እያለ ይጠራቸዋል። በዚያው በጥር ወር ፓስተር ዕዝራ አረጋውያኑን አንድ በአንድ እያስነሳ የጸሎት ርዕሳቸውን ይጠይቅ ነበር። አባባ ማይኩን በሁለት እጃቸው ያዙ።

«እኔ ጌታን የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው» አሉ። «ሳልሞት አገር ቤት ገብቼ ልያት።»

አዳራሹ በአሜን ተናጋ። ከፎልስ ቸርች ከተማ የሚመጡት እትዬ ስሂን ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ። አገር በአማርኛ ሴት ናት፤ «ልያት» ሲባል «ማንን?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። «አገር ቤት» ሲባልም «የትኛው?» የሚል ሐበሻ እስካሁን አልተፈጠረም። እኔም አልጠየቅሁም። ልቤ ተነክቶ በማግስቱ ለፓስተሩ ኮል አደረግሁ፤ «ሰርፕራይዝ እናድርጋቸው» አልኩ። ሴቶች ኅብረት ተባበረ፣ ቲኬት ተቆረጠ።

የካቲት ላይ፣ ከዝማሬው በኋላ፣ ትልቁ ስክሪን ላይ የአዲስ አበባ ፎቶ ወጣ። ፓስተር ዕዝራ «ጋሽ ክፍሉ፣ አገርዎ ሊገቡ ነው!» ሲል እልልታው ቀለጠ። አባባ ተነሱ። ፎቶውን አዩ፣ ሰውን አዩ፣ እኔን አዩ። ጎንበስ ብለው «እግዚአብሔር ያክብራችሁ» አሉ። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ ፓስተሩን ጠየቁት።

«አውሮፕላኑ በየት በኩል ነው የሚያልፈው?»

«ከደለስ ኤርፖርት ቀጥታ ነው፣ ጋሼ! የትም አያንከራትትዎ!»

«በቶሮንቶ በኩል አይደለም?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ከሁሉ አስበልጬ የሳቅሁት እኔ ነኝ። ያ ሳቄ ዛሬም ትዝ ሲለኝ ፊቴ ይግላል።

አንድ ሰው አገር ቤት ሊሄድ ነው ከተባለ ሻንጣው የሱ አይደለም። ከዚያች እሁድ ጀምሮ ቤታችን ፌስታል የያዘ ሰው ጠፍቶበት አያውቅም። የወንድም ልጅ ጫማ፣ የአክስት ቫይታሚን፣ ስክሪኑ የተሰነጠቀ ስልክ «ብቻ እዚያ ያሠሩታል» ተብሎ። ከሪቨርዴል ፓርክ ሰፈር አንዷ የሙሽራ ቬሎ ከነዓይነ ርግቡ አመጣች። እትዬ ስሂን የእህታቸውን የማንበቢያ መነጽር በሦስት ካልሲ ጠቅልለው አስረከቡ። አባባ እያንዳንዱን በክብር ይቀበላሉ። ፕላስተር ይለጥፉበታል፣ የባለቤቱንና የተቀባዩን ስም በጥሩ እጅ ጽሑፋቸው ይጽፉበታል። «አደርሳለሁ» ይላሉ። ሰው ሲወጣ ወደ መስኮታቸው ይመለሳሉ።

በረራው ማክሰኞ ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እቃውን ስመዝን አንደኛው ሻንጣ በሁለት ኪሎ በለጠ። ፋኑኤል ሥራ ነው፤ አባባ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ያዩኛል። ከፍቼ መቀነስ ጀመርኩ። ከቬሎው ሥር፣ ከጥግ፣ የሳቸው ወፍራም የበረዶ ቦት ጫማ ወጣ። ከሱ ሥር በጋዜጣ የተጠቀለለ ረጅም ነገር አለ። ፈታሁት። መኪና ላይ የተከመረ በረዶ የሚራገፍበት መጥረጊያ ነው፤ ያረጀ፣ እጀታው በፕላስተር የታሰረ።

ንዴቴ ቅርብ ነው። «አባባ! አዲስ አበባ የበረዶ መጥረጊያ ምን ሊያደርግልዎ ነው? በሰው እቃ ላይ ኦቨርዌይት እያደረጉብኝ!»

«ተይው፣ አታውጪው።»

«ለምን?»

«ምናልባት መንገዱ በዚያ በኩል ቢያደርገኝ ብዬ ነው።»

«በየት በኩል?»

መጥረጊያውን ከእጄ ተቀብለው ጭናቸው ላይ አጋደሙት፤ አንዱን የጎበጠ ፀጉር በጣታቸው ያቃኑ ጀመር።

«ይሄኔ እናትሽ ላይ በረዶ ተከምሮባታል» አሉ።

ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። እናቴ የተቀበረችበት ቦታ የቆመ የመቃብር ድንጋይ አይፈቀድም። ሁሉም ድንጋይ መሬት ላይ የተጋደመ ነው፤ በረዶ ሲጥል ማን የት እንዳለ አይታወቅም። አባባ ያን ዕለት ነው የነገሩኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሁለት አውቶቡስ እየቀየሩ ሄደው ይጠርጉላት ነበር። እዚያ ካለው ጥድ ዛፍ ሃያ ስድስት እርምጃ ነው፤ ቆጥረው ያውቁታል። ስሟ እስኪታይ ይጠርጋሉ፣ ይጸልያሉ፣ ይመለሳሉ። እዚህ ከመጡ ወዲህ የጠረገላት የለም።

«ልያት ያሉት...» አልኩ።

«እሷን ነዋ። ሌላ የማያት ማን አለችኝ?»

«አገር ቤት ሲሉስ?»

አባባ እንደ ሞኝ አዩኝ። «ሠላሳ ሦስት ዓመት የኖርኩበት፣ አንቺን ያሳደግሁበት፣ ሚስቴን የቀበርኩበት፤ ታዲያ አገር ቤቴ የት ነው? አዲስ አበባ ማን አለኝ? ወንድሜም እህቴም አልፈዋል።»

«ያን ቀን ለምን አልተናገሩም ታዲያ!»

«ጉባኤው አልቅሶልኝ፣ እልል ብሎልኝ? ‘ተሳስታችኋል’ ልበል?» መጥረጊያውን አስቀመጡት። «ደግሞ ሰባ ስድስት ዓመቴ ነው፣ ሰርኬ። ሁለት ረጅም መንገድ የለኝም። የቀረችኝን አንዷን እናንተ ቆረጣችሁልኝ።»

መጀመሪያ የተናደድኩት በሳቸው ነው። ይሉኝታ ሰው ይገድላል እንዴ፣ ጎረቤት እንዳይቀየም ብሎ ሰው አህጉር ያቋርጣል እንዴ ብዬ። ከዚያ ንዴቱ ዞሮ ወደኔ መጣ። ከቀብሯ ወዲህ እናቴን አንድ ቀን እንኳ ሄጄ አላየኋትም። ሥራ አለ፣ ብርድ አለ፣ ሁልጊዜ የሚባል ነገር አለ። ሰው «ከየት ነሽ?» ሲለኝ ካናዳን ዘልዬ ነው የምመልሰው፤ ያደግሁበት አገር መሸጋገሪያ ጣቢያ ይመስል። አባቴ «አገር ቤት» ሲሉ የትኛዋን እንደሆነ ያልገባኝም ለዚህ ነው። አለቀስኩ። እሳቸውም አላባበሉኝም።

ፋኑኤል ሲገባ ነገርኩት። ክፉ ሰው አይደለም፤ የሚያስማማ ነገር ይወዳል። «አሁን ይሂዱ፣ ሰው እንዳይቀየም። ሰመር ላይ ዊኒፔግ እንወስዳቸዋለን» አለ።

«ሰመር ላይማ ምን ይጠርጋሉ?» አልኩት። ስልኩን አውጥቶ ቲኬቱ ይቀየር እንደሆነ ማየት ጀመረ።

በማግስቱ አሌክሳንድሪያ፣ ማስታወቂያ ሲነገር እጄን አወጣሁ። አባባ ምን ልል እንደሆነ ገብቷቸው የጃኬቴን ጫፍ ይዘው ቁልቁል ይጎትቱኛል። ማይኩን ተቀበልኩ።

«አባቴ አገር ቤት ሊሄዱ ነው ብለን ነበር። እውነት ነው፣ ይሄዳሉ። አገር ቤታቸው ግን ዊኒፔግ ነው። ልያት ያሉትም እናቴን ነው፤ እዚያ ነው የተቀበረችው። ሳልጠይቅ የሮጥኩት እኔ ነኝ። እሳቸው እናንተን አክብረው ነው ዝም ያሉት። ይቅርታ አድርጉልኝ።»

ከኋላ በኩል «ካናዳ ደግሞ አገር ቤት ሆኖ!» ብሎ ያጉረመረመ ሰው ነበር፤ ማን እንደሆነ አውቃለሁ፣ አልናገርም። ከዚያ እትዬ ስሂን ከመሃል ብድግ አሉ።

«ታዲያ መነጽሩስ?»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አባባም፣ ቲኬቱ ከተነገራቸው ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ሳቁ። ሁሉም አልሳቀም፤ የቬሎዋ ባለቤት ሻይ ሳትጠጣ ነው የሄደችው፣ እስከዛሬም ሰላምታዋ ቀዝቀዝ ያለ ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው፣ እቃውን በየቤቱ ዞሬ የመለስኩት እኔ ነኝ።

ስንወጣ እትዬ ስሂን በሩ ላይ አባባን ጠበቋቸው። «ጋሽ ክፍሉ» አሉ፣ «የኔው ባለቤት ሚኒሶታ ነው ያረፈው። ስምንት ዓመቱ። እዚያም በረዶ ነው።» አባባ የእትዬ ስሂንን እጅ ይዘው ጥቂት ቆሙ።

በሳምንቱ እኔና አባባ ዊኒፔግ ነበርን። ብርዱ ከዜሮ በታች ሃያ አራት። አባባ ከኤርፖርቱ በር ሲወጡ አየሩን በአፍንጫቸው ሳብ አድርገው «እህ» አሉ፣ ቡና የቀመሱ ያህል። መቃብሩ ቦታ ስንደርስ ቦት ጫማቸውን አጥልቀው ከጥዱ ዛፍ እርምጃ መቁጠር ጀመሩ። በረዶው እስከ ጉልበት ይደርሳል፤ እኔ በሳቸው ዱካ ላይ እየረገጥኩ ተከተልኳቸው። ሃያ ስድስት ላይ ቆሙ። ካርቶን አንጥፈው ተንበረከኩ፣ መጥረጊያውን ከጋዜጣው ፈቱ።

ቀስ ብለው ነው የሚጠርጉት። መጀመሪያ ታ ወጣች፣ ከዚያ ደ፣ ከዚያ ለ፣ ከዚያ ች። በአማርኛ አስቀርጸውላት ኖሯል። ፈረንጁ ቀራጭ ፊደሉን ስለማያውቅ ራሳቸው በወረቀት ጽፈው እንደሰጡት ነገሩኝ። ያ በአውቶቡስ መስኮት ላይ የማውቀው እጅ ጽሑፍ ነው፤ ለ ትንሽ ዘመም ትላለች። ድንጋዩ የተቀመጠው ከቀብሩ በኋላ ስለሆነ እኔ አይቼው አላውቅም። ዓመቶቿን፣ ከሥር ያለችውን ጥቅስ አጸዱ። ጸለዩ፤ እኔም አብሬ ጸለይኩ። «እማዬ፣ ዘገየሁ» አልኳት።

አባባ ሊነሱ ሲሉ ድንጋዩ ገና እንዳላለቀ አየሁ። በቀኝ በኩል ገሚሱ ከነበረዶው ነው።

«ይሄኛውስ ጎን?»

«እሱ የኔ ነው። ስሜ አለበት፣ የተወለድኩበት ዓመት አለበት። ሳይቀረጽ የቀረው አንድ ዓመት ብቻ ነው።»

መጥረጊያውን አንስቼ እጄን ስዘረጋ ክንዴን ያዙኝ።

«አሁን ተይው» አሉ። «እሱን ያኔ አንቺ ትጠርጊዋለሽ። እዚሁ ነው የምታመጪኝ። ሰማሽኝ?»

«ሰማሁ፣ አባባ።»