ምላጩን ያስቀመጠ ዕለት

ፀጉር አስተካካዩን ደንበኞቹ «ቀስ በቀስ» ይሉታል። እሱ ዘንድ ወረፋ የያዘ ሰው ተራው እስኪደርስ ይሸብታል እያሉ ይቀልዱበታል። እጁ ግን ለስላሳ ነው፤ ምላጩ አንገታቸው ላይ ሲሄድ እንቅልፍ ይዟቸው ጭልጥ የሚሉ ብዙ ናቸው።

በቅርቡ ግን ልቡ አዲስ አመል አመጣ። አርፎ በተቀመጠበት ድንገት ድው ድው ይላል፣ አንዱን ምት ይዘልና መልሶ ይጋልባል። አንድ ቀን ሱቁን እየጠረገ ሳለ ዓለም ራቀችው፤ መጥረጊያውን እንዳቀፈ ወለሉ ላይ ነቃ። ለማንም ትንፍሽ አላለም።

«የልብህ ምት ሸሚዝህ ላይ እኮ ይታያል» አለችው ሚስቱ፤ «ያዞርሃል እንዴ?»

«ኧረ! ሻይ አብዝቼ ነው።»

«እንግዲያው ሻዩን ተወውና ሐኪም ቤት እንሂድ።»

ሻዩን ተወ፤ ሐኪም ቤቱንም አብሮ ተወው። ራሱን እየሳተ ለሚወድቅ ፀጉር አስተካካይ አንገቱን የሚሰጥ ማን አለ? ሆድ ይፍጀው ብሎ ዋጠው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል ግን ሰምቷል፤ ሞኝ አይደለም፣ ፈርቶ ነው።

አንድ ከሰዓት በኋላ ታላቅ ወንድሙ መጡ። አባታቸው ከሞቱ በኋላ ያሳደጉት እሳቸው ናቸው፤ ጋሼ ይላቸዋል። ወንበሩ ላይ ጋለል ብለው ዓይናቸውን ከደኑ። ከሙቅ ፎጣው የሚነሣው እንፋሎት በመስኮቱ ብርሃን ውስጥ ይንሳፈፋል። አንደኛው ጉንጫቸው ተላጭቶ እንዳበቃ ልቡ መጋለብ ጀመረ።

መስተዋቱ ውሃ ሆነ። የጋሼ ፊት በውስጡ ቀስ እያለ ራቀ፤ የጎረቤት ሬዲዮም ከጥልቅ ጉድጓድ የሚዘፍን መሰለው። ምንም አላመመውም፤ እንዲያውም ደስ አለው። ለካ መሄድ እንዲህ ይጥማል፣ አለ በሆዱ። ያን ጊዜ ከጣቱ ሥር ሌላ ትርታ ተሰማው። የጋሼ አንገት ነው፤ ረጋ ብሎ ይመታል። ምላጩ እላዩ ላይ ነበር።

ክው አለ። እንደምንም ምላጩን መደርደሪያው ላይ አኑሮ ወለሉ ላይ ተዘረፈጠ።

«ጋሼ፣ ይማሩኝ፤ አልቻልኩም።»

ጋሼ ግማሽ ፊታቸው አረፋ እንደሆነ አንሥተው ታክሲ ውስጥ አስገቡት። ሹፌሩ በመስተዋት እያያቸው ሳቁን ዋጠ።

ሐኪም ቤት ደረቱ ላይ ሽቦ ተለጠፈበት። ሚስቱም ሻርፗ ተንሸራቶ፣ ቁና ቁና እየተነፈሰች ደረሰች።

«ልብ በድንጋጤም፣ በሐሳብም፣ በሻይ ብዛትም ከልክ በላይ ሊመታ ይችላል» አለች ሐኪሟ። «ቶሎ ካለፈ ብዙ ጊዜ አያሳስብም። ራስን ካሳተ፣ ደረት ካመመ፣ ትንፋሽ ካጠረ ግን ወዲያው ነው የሚመጣው፤ ነገ የለም። እርስዎ ራስዎን ስተው ያውቃሉ?»

«ኧረ በጭራሽ» የሚለው ምላሱ ላይ ነበር። አዎ ካለ ምላጩን መሰናበቱ ነው። ሚስቱ አፍ አፉን ታየዋለች። ጋሼን አያቸው፤ አረፋው አገጫቸው ላይ ደርቋል።

«አዎ» አለ። «አንዴ ወድቄአለሁ። ዛሬም ለጥቂት ነው የተረፍኩት።»

ሚስቱ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። ሐኪሟ ተኝቶ መታየት እንዳለበት፣ ምክንያቱ እስኪታወቅም ምላጭ እንዳይዝ ነገረችው። እንባው መጣ።

«ከእንግዲህ ማን አንገቱን ይሰጠኛል?»

ጋሼ ወንበራቸውን አስጠጉ። እጁን ወስደው ያልተላጨው ጉንጫቸው ላይ አኖሩት።

«ይኼ ያንተ ነው» አሉት። «ድነህ እስክትመጣ ማንም አይነካውም።»