ሞተሩ ሳይጠፋ

ከፊቷ ያለው መኪና ዐሥር እርምጃ ያህል ሲንቀሳቀስ እሷም ሞተር አስነሣች፤ ዐሥሯን እርምጃ ተከተለችና ወዲያው አጠፋች። ሦስት ቀን ሙሉ የዋለችው እንዲሁ ስታስነሣና ስታጠፋ ነው። ናፍጣው ተለክቶ ይሰጣታል፤ ከልኩ የጎደለው ደግሞ ከደመወዟ ይቆረጣል። የፊት መስታወቷ ላይ የተለጠፈው ወረቀት አርባ አንድ ይላል። የእህል መጋዘኑ ጥበቃ ዛሬ ጠዋት ሥራ ሲጀምር የጠራው ሠላሳ ሁለትን ነበር።

«አዲሷ!» አሉ ከኋላዋ ያሉት አርባ ሁለተኛው ሾፌር፣ በመስኮታቸው ብቅ ብለው። «ቀስ በይ እንጂ፤ በዚህ አበራረርሽ ትራፊክ ይቀጣሻል።»

«ከቸኮሉ ይቅደሙኝ፣ ጋሽ ዘጠና።»

«የቸኮለው ስሜ ነው፤ እኔማ ምን አቅም አለኝ።»

ከዘጠና በታች ነድተው አያውቁም ስለሚባል ነበር ስሙ የወጣላቸው። በዚህ ሰልፍ ግን በሦስት ቀን የሄዱት ሦስት መቶ ሜትር አይሞላም። እሷን «አዲሷ» የሚሏትም ያለ ምክንያት አልነበረም። መንዳት ከጀመረች ዐሥራ አንድ ወር ከዐሥራ አንድ ቀን ሆኗታል፤ ዓመት ያልሞላው ሾፌር ደግሞ ጎማው ቢያልቅም አዲስ ነው።

የማሠልጠኛው ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን የደመወዝ መጠን ለአባቷ ያነበበችላቸው ዕለት፣ ሠላሳ ዓመት የጭነት መኪና የነዱት ሰው ፈገግ ብለው ነበር።

«ይኼ የቆየ ሾፌር ደመወዝ ነው፣ ልጄ። የመጀመሪያውን ዓመት ግማሹን ቁጠሪ። ከግማሹም ላይ ናፍጣ ይነሣል፣ ጎማ ይነሣል። የሚተርፍሽ የመንገድ ምሳ ነው።»

እንዳሉትም ሆነ። የሚከፈላት በጉዞ ነው፤ ቆማ ለምትውልበት ቀን፣ ባዶ ለምትመለስበት መንገድ ምንም የለም። ኢንሹራንስ ዓመት ያልሞላውን ሾፌር ስለማይቀበል የተሻለው ቀጣሪ ሁሉ በሩን ዘግቶባት ነበር። የቀሯት ምርጫዎች ሦስት ናቸው፦ የድንጋይ ካባ ገልባጭ፣ የቆሻሻ መኪና፣ ወይም ይህ፣ የቀጠራት የጭነት ድርጅት ካሉት ሁሉ ያረጀው መኪና። አሮጌ መኪና የአዲስ ሾፌር ድርሻ ነው።

ዓመት ሲሞላ ግን የሥራ ልምድ ደብዳቤ ይጻፋል። ደብዳቤውን ይዛ ከመጣች፣ የሰፈራቸው ውኃ ማመላለሻ ሊቀጥራት ቃል ገብቷል። ደመወዙ ከዚህ ብዙ አይበልጥም፤ ነገር ግን ወሩን ጠብቆ የሚመጣ ነው፤ ማታ ማታም ቤት ያሳድራል፣ የታመሙት አባቷ አጠገብ።

አባቷ በደወለችላቸው ቁጥር ሰላምታውን ቶሎ ይጨርሱና «እስቲ አስነሺው» ይሏታል። ስልኩን በሁለቱ ወንበሮች መካከል ባለው የሞተር ክዳን ላይ ታስቀምጣለች። እሳቸው በሁለት ቀን መንገድ ርቀት፣ በአንድ ጣታቸው ጠረጴዛውን እየመቱ ያዳምጣሉ። ቀበቶው ላልቷል ካሉ፣ ላልቶ ታገኘዋለች።

ምሳ ሰዓት ላይ የስምሪት ኃላፊው ደወለ።

«ዛሬ ካላራገፍሽ ማዘግየትሽ ሦስተኛ ነው።»

«ሰልፉን እኔ አልሠራሁትም።»

«እኔም አልሠራሁትም፣ እኅቴ። ውሉን ነው የምነግርሽ። ሦስተኛ ማለት ስንብት ነው፤ ደብዳቤም የለም።»

የመጀመሪያው መዘግየት በፈነዳ ጎማ፣ ሁለተኛው ወንዝ በቆረጠው መንገድ የመጣ ነበር። ውሉ ስለ ጎማም ስለ ወንዝም የሚለው ነገር የለም። የመጋዘኑ በር ደግሞ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ መኪና አያስገባም።

ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ ሲል ከበሩ ፊት ደረሰች። ስልኳ ጮኸ፤ ታላቅ ወንድሟ ነበር።

«የት ደረስሽ?»

«በሩ ላይ ነኝ፣ ወንድም ጋሼ። ምነው?»

ከኋላው ወንበር ሲጎተት ተሰማት።

«ሐኪሙ መጥቶ ነበር። አባባ ዛሬን አያልፉም ነው የሚለው።»

«እመጣለሁ።»

«በምን ትመጪያለሽ? አሁን ብትነሺም አትደርሺም።»

እናታቸው ያረፈች ጊዜ አባታቸው እንዲህ ያለ ሰልፍ ላይ ነበሩ። ሾፌር ጭነቱን ጥሎ አይሄድም ብለው ቆዩ። በአራተኛው ቀን ሲደርሱ የመቃብሩ አፈር ደርቆ ነበር። ስለዚያ ሰልፍ አንድም ቀን አንሥተው አያውቁም፤ ነገር ግን ከዚያ ወዲህ የዳቦ ሰልፍ እንኳ ሲያዩ መንገድ ይቀይራሉ።

«ይናገራሉ?» አለች።

«ከጠዋት ጀምሮ አልተናገሩም። ቅድም ብቻ አንድ ነገር አሉ። ‹አስነሺው› አሉ።»

ቁልፉን አዞረች። አሮጌው ሞተር እንደ ልማዱ ሁለቴ ሳለና ተነሣ። ስልኩን ክዳኑ ላይ አኖረችው፤ ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፈተችው።

«እየሰሙ ነው?»

«ጆሯቸው ላይ ይዤላቸዋለሁ። ጣታቸው... ጣታቸው አልጋውን እየመታ ነው።»

«አርባ አንድ! አርባ ሁለት!» አለ ጥበቃው ከበሩ። «ሁለት ቦታ ተለቅቋል፤ የዛሬ መጨረሻ ነው። ስልካችሁን አዘጋጁ።»

የእህል ብናኝ እሳት ይስባል ስለሚባል፣ ከበሩ ወዲያ ስልክ አይገባም፤ ማራገፊያው ላይም ሞተር ይጠፋል። እጇን በመስኮቱ አወጣችና ከኋላዋ ያሉትን ሰውዬ እለፉ አለቻቸው። ዘጠና መኪናቸውን አጠገቧ አምጥተው አቆሙ።

«ምን ነካሽ፣ ልጄ? ዛሬ ሦስተኛሽ አይደል እንዴ?»

«አባቴ ናቸው» አለች ወደ ስልኩ እያመለከተች። «ሞተሩን እየሰሙ ነው።»

ጥሩምባ ሳይነፉ ሰው አልፈው የማያውቁት ዘጠና፣ መኪናቸው እንዳይጮኽ እግራቸውን አቅልለው፣ በዝግታ አልፈዋት ገቡ።

አንድ ቦታ ቀረ።

አባቷ ሞተሩ ለብቻው ሲያጉረመርም አይወዱም፤ «አታንገላቺው፣ አናግሪው» ይሉ ነበር። በእግሯ ጫፍ ነዳጁን ጫን አለችው፤ ለቀቀችው፤ ደግማ ጫነችው። የናፍጣ መለኪያው መርፌ ከቀይዋ መስመር አጠገብ ትንቀጠቀጣለች።

«አሁንስ?»

ጆሮዋን ወደ ስልኩ አስጠጋች።

«ወንድም ጋሼ፣ ጣታቸውስ?»

«ቆመ» አለ ወንድሟ። ከዚያ ለረጅም ጊዜ የሚሰማት የራሷ ሞተር ብቻ ሆነ፤ ከአባቷ ጆሮ ሥር በወንድሟ ስልክ ዞሮ የሚመለስ፣ ቀጭን፣ የሩቅ ሞተር። «እኅቴ፣ አረፉ። በቃ፣ አጥፊውና ግቢ። ደብዳቤሽን እንኳ አትጪ።»

«ስልኩ አሁንም ጆሯቸው ላይ ነው?»

«አላነሣሁትም።»

«ተወው። እንዳታነሣው።»

ጥበቃው ሰዓቱን አይቶ የብረቱን በር መግፋት ጀመረ። «አርባ አንድ! አምስት ደቂቃ ቀርቶሻል። ትገቢያለሽ ወይስ አትገቢም?»

እጇ ቁልፉ ላይ ነበር። ዐሥራ ዘጠኝ ቀን ቀርቷታል። ወደ ግራ አንድ ጊዜ ብታዞረው ይበቃል፦ ደብዳቤው፣ የውኃ መኪናው፣ ማታ ማታ የሚያሳድራት ቤት። ከኋላዋ ያለው አርባ ሦስተኛው መኪና ጥሩምባውን በአጭሩ ነፋ።

እጇን ከቁልፉ ላይ አነሣች፤ በመስኮቱ አውጥታም እለፍ አለችው።