ሞቱማ ከሞተር ከወደቀ በኋላ

ሞቱማ ኦልጅራ በአምቦ የእንስሳት ክትባት ሠራተኛ ነበር። ከአምቦ እስከ ጌዶ ያለው ገበሬ ሞተሩን በድምፁ ይለየዋል። መሥሪያ ቤቱ ለእሱና ለባልደረባው ለጉርሙ ሞተር ብስክሌት ሲሰጥ፣ ሄልሜትም አብሮ ሰጥቷቸው ነበር። ጉርሙ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አጠለቀው። የሰፈር ልጆች “ድስቱ መጣ!” እያሉ ይከተሉታል፤ እሱ ግን አልተበገረም። የሞቱማ ሄልሜት ግን ከጥቂት ቀን በኋላ ቁም ሣጥን ላይ ተቀመጠ።

“ለጌጥ ነው እንዴ የተሰጠህ?” አለችው ሚስቱ ወሰንየለሽ። አስተማሪ ናት፤ ስትቆጣም ድምፅዋን ከፍ አታደርግም።

“አንቺ ገበሬውን አታውቂውም። ባለፈው አጥልቄው ብሄድ ግብር ሰብሳቢ መጣ ብለው ከብቶቹን ወደ ጫካ ነዷቸው። ማንን ልከትብ?”

“ስትደርስ አውልቀዋ።”

“መንገድ ላይ የማገኘውንስ ሰው? አባቴ ያለኝን ሰምተሻል።”

ሰምታለች። አባቱ ኦቦ ኦልጅራ የጌዶ ሽማግሌ ናቸው። ልጃቸው ሄልሜቱን እንዳጠለቀ፣ ከሞተሩም ሳይወርድ ሰላም ቢላቸው ፊታቸውን አዞሩበት። “ራሱን ሸፍኖ ሽማግሌ ሰላም የሚል ልጅ አልወለድኩም” አሉ። ሞቱማ ከዚያ ወዲህ አላጠለቀም።

ጉርሙም አንድ ቀን ሻይ ቤት ተቀምጠው ሊመክረው ሞክሮ ነበር። “ጎማ ቢፈነዳ እንለጥፋለን። ጭንቅላትህን ማን ይለጥፍልሃል?”

“ቀስ ብዬ ነው የምነዳው” አለ ሞቱማ። እውነቱን ነው፤ ከሁለቱ ቀስ ብሎ የሚነዳው እሱ ነበር።

የወደቀውም ቀስ እያለ ሲነዳ ነው። ነሐሴ ላይ ከጌዶ ሲመለስ፣ ጉደር ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው፣ አንዲት ጊደር ከቁጥቋጦው ውስጥ ዘላ መንገዱ መሐል ገባች። ፍሬን ሲይዝ ጭቃው አንሸራተተውና ራሱ ከመንገዱ ዳር ድንጋይ ጋር ተጋጨ። እጁም እግሩም ደህና ነበር። ያነሱት ገበሬዎች የተኛ ነው የመሰላቸው። የጭነት መኪና አስቁመው ወደ አምቦ አደረሱት፤ ከአምቦ ወደ አዲስ አበባ ሆስፒታል ተወሰደ።

ራሱን ሳያውቅ ሰነበተ። አንድ ጠዋት ዓይኑን ገልጦ “ቢሻን” አለ። ወሰንየለሽ አምቦ ተወልዳ ያደገች ናት፤ ውሃ ማለቱ እንደሆነ አልጠፋትም። በማንኪያ አጠጣችውና፣ “እኔ ማን ነኝ?” አለችው።

ትክ ብሎ አያት። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ የፈለገው ቃል ግን አልመጣለትም። በመጨረሻ በኦሮምኛ አንድ ነገር ተናገረ። እሷ የገበያ ኦሮምኛ እንጂ ከዚያ ያለፈ አታውቅም፤ እናቷ ቤት ውስጥ ኦሮምኛ እንዲነገር አትፈቅድም ነበር፤ ከሞቱማም ጋር የሚነጋገሩት በአማርኛ ነው። ዞር ብላ አማቷን አየች።

“የቤቴ እመቤት፣ ሚስቴ ነሽ ነው የሚልሽ” አሉ ኦቦ ኦልጅራ። ከዚያ በጋቢያቸው ፊታቸውን ሸፈኑ።

ሐኪሙ አስረዳት። “የተጎዳው ንግግርን የሚመራው የአንጎሉ ክፍል ነው። የልጅነት ቋንቋው ቀድሞ ተመልሷል። አማርኛው ሊመለስ ይችላል፤ ላይመለስም ይችላል።”

አምቦ ሲመለሱ ኦቦ ኦልጅራ አብረዋቸው ሰነበቱ። ወሰንየለሽ ተማሪዎቿን አሰናብታ ስትመለስ፣ ማታ ማታ እሷ በተራዋ ከአማቷ ፊት ተቀምጣ ኦሮምኛ ትማራለች። አንድ ቀን ሞቱማን ግድግዳ አስይዛ ስታራምደው ደከመውና ወንበሩ ላይ አረፍ አለ። “አዎ፣ ቁጭ በል” ልትለው ፈልጋ “ካኢ!” አለችው። ተነስ ማለት ነው። ምስኪኑ ተነሳ። “ካኢ፣ ካኢ!” አለች ትከሻውን ወደ ታች እየተጫነች። ሞቱማ ግራ ገብቶት አያት፤ ከዚያ በሣቅ ፈነዳ። ከወደቀ ወዲህ ሲሥቅ ያን ቀን የመጀመሪያው ነበር። ሽማግሌው “ታኢ በይው፣ ልጄ፤ ታኢ ነው” እያሉ እንባቸውን ጠረጉ።

ኦቦ ኦልጅራ ወደ ጌዶ ከተመለሱ በኋላ በገበያ ቀን ጉርሙ አገኛቸው። ሊወርድና ሄልሜቱን ሊያወልቅ ሲል እጁን ያዙት።

“ተው፣ አታውልቅ። እጅህን ስጠኝ፣ ይበቃል።”

“ነውር አይሆንም፣ ኦቦ?”

“ነውሩን እኔ አየሁት” አሉ። በዙሪያው የነበረው ሰው ሁሉ ሰማ። እርግጥ ክርክሩ በዚያ አላበቃም፤ “ቀኑ ከደረሰ ሄልሜት ምን ያስጥላል?” የሚል አሁንም አለ። ጉርሙን ግን ንቆ አለፈን ብሎ የተቀየመው ሰው ከዚያ በኋላ አልነበረም።

ሞቱማ ወደ ሞተር አልተመለሰም። መሥሪያ ቤቱ መድኃኒት ማከማቻ ውስጥ አስቀመጠው። አማርኛውም ቀስ በቀስ መጣ፤ አንዳንዱ ቃል ግን ዛሬም ይጠፋበታል፤ ፈጥነው ሲያወሩት ይደናገራል። ስለዚህ ወሰንየለሽ በሥራ ተናድዳ የመጣች ቀን የምታወራው በኦሮምኛ ነው። ቃሉን እየፈለገች፣ እየተሳሳተች፣ እሱም እያረማት፣ ነገሩን ተርካ ሳትጨርስ ንዴቷ ይበርድላታል።