የኔአለም ወደ ሚካኤል ስትወጣ

የኔአለም ከወንድሟ ከምስክር ጋር ከደሴ ስትመጣ፣ አባቷ አቶ ንጉሡ በሩ ላይ ቆመው መጀመሪያ የጠየቁት «መንገድ ላይ ማን አያችሁ?» ብለው ነው። ልጃቸውን አገላብጠው የሳሟት ከዚያ በኋላ ነበር።

ጅዳ ውስጥ ከአሠሪዎቿ ፎቅ ላይ ወድቃ ግራ እግሯ ከጉልበቷ በታች ከተቆረጠ ሁለት ዓመት አልፏል። ደሴ ወንድሟ ዘንድ ሆና በሰው ሠራሽ እግር መራመድ ተምራለች፤ ልብስ ስፌትም ጀምራለች። ከመካነ ሰላም ወጣ ብሎ ባለው በትውልድ መንደሯ ግን አቶ ንጉሡ ለጠየቃቸው ሁሉ የሚመልሱት አንድ ነገር ነበር፤ «ደህና ናት። እዚያው ዐረብ አገር ናት።»

ኅዳር ሚካኤል ዓርብ ዋለ። በዋዜማው እራት ላይ አባቷ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ነገ እኛ እንወጣለን፤ አንቺ ቤት ትውያለሽ። ቅዳሜ በጉ ሲታረድ እንግዳ ይመጣል፤ ያኔ ጓዳ ግቢ።»

«እኔም የመጣሁት በዓል ላከብር ነው፣ አባዬ።»

«ያን አቀበት በምን ትወጪዋለሽ?»

«በእግሬ።»

እናቷ ወይዘሮ ብዙዬ መሀል ገቡ። «በበቅሎ ትውጣ። ጋቢ እናለብሳታለን፤ ማን ያያታል?»

«አልሸፈንም፣ እማዬ። የሰረቅሁት ነገር የለም።»

ጠዋት ላይ፣ የታጨደው ማሳ በውርጭ ነጥቶ ነበር። አባቷ ሳያነጋግሯት ከሽማግሌዎቹ ጋር ቀድመው ወጡ። እሷ ከዘራዋን ይዛ ተከተለች። ምስክር ክንዷን ሊይዝ ሲል «አትደግፈኝ። ከጎኔ መሄድ ትችላለህ» አለችው።

አቀበቱ አጋማሽ ላይ የተቆረጠው እግሯ ጫፍ ተልጦ ደማ። የመንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጠች፤ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ሰው ሠራሹን እግር ፈታችና አጠገቧ አስቀመጠችው። ነጠላ ለብሰው የሚወጡት ሰዎች አንድ በአንድ ቆሙ። ከመንገዱ በታች ገብስ ታጭድ የነበረችው ጎረቤታቸው ፋጢማ ማጭዷን እንደያዘች ብድግ አለች።

«ያ ረቢ! የኔአለም ነሽ? መች ገባሽ?»

«ከገባሁ ሁለት ዓመቴ ነው፣ ፋጢማ። ደሴ ነበርኩ።»

ሰዉ ሁሉ ቀና ብሎ አቶ ንጉሡን ፈለገ። እሳቸው ከፍ ብሎ ካለው ጠመዝማዛ ላይ ከሽማግሌዎቹ ጋር አረፍ ብለው ነበር፤ ሰምተዋል። ወርደው አጠገቧ ቆሙ።

«ሸፍኚው» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ሰው እያየ ነው።»

«ይየዋ።»

«አዋረድሽኝ እኮ።»

«እኔ ወደቅሁ እንጂ አላዋረድኩዎትም» አለች። ድምፅዋን ዝቅ አላደረገችም። «ልጅዎ የትኛዋ ናት፣ አባዬ? ያቺ ዐረብ አገር አለች የሚሏት ናት ወይስ እኔ?»

አቶ ንጉሡ ዞረው አቀበቱን ተያያዙት።

ፋጢማ ሻሿን ፈታ ቁስሉን ጠቀለለችላት። «አብሽሪ» አለቻት፤ «የቀረው ትንሽ ነው።»

የኔአለም እግሯን መልሳ አሰረች። ስትደርስ ታቦቱ ገብቶ ነበር። የቤተ ክርስቲያኑን በር ሳመች፤ ከዚያም ቤት እንድትውል እንዳልተነገራት ሁሉ ከሴቶቹ መሀል ተቀምጣ ጠላዋን ጠጣች። አባቷ ከማዶ ከወንዶቹ ጋር ነበሩ። አንድ ጊዜም ቀና ብለው አላዩዋትም።

ቅዳሜ ገና በጠዋቱ ወሬው መንደሩን አዳርሷል። የጎረቤት ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጡ። ከሁሉም ፊት የነበረችው አበቡ ደጁን ስትረግጥ ደረቷን እየመታች «ወይኔ የኔአለሜ፣ ወይኔ እግርሽ!» ብላ ጮኸች። የኔአለም ቁርሷን ትታ ወጣችና በሩ ላይ ቆመች።

«አበቡ፣ እኔ አልሞትኩም። ልታለቅሺ ከሆነ ተመለሺ፤ ልትበዪ ከሆነ ግቢ።»

ሴቶቹ ተያዩ። ከኋላ አንዷ ሳቋ አመለጣት። አበቡም ዐይኗን ጠርጋ ነጠላዋን አስተካከለችና ገባች። የኔአለም ተመልሳ እንጀራዋን መብላት ቀጠለች።

አቶ ንጉሡ መንገደኛ ሁሉ በሚያየው ግቢ በጉን አርደው መግፈፍ ሊጀምሩ ነበር። ምስክር ሊይዝላቸው ጎንበስ ሲል «አንተ ተወው» አሉት። ሽማግሌዎቹ አጥሩ ሥር ተቀምጠዋል። አቶ ንጉሡ ቢላዋቸውን እንደያዙ ወደ ቤቱ ዞሩና ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብለው ተጣሩ።

«የኔአለም! ልጄ! ነይ ያዢልኝ።»

«እንጀራዬን ልጨርስ» አለች ከውስጥ።

አቶ ንጉሡ እጃቸው ደም እንደሆነ ቆመው ጠበቋት።