የወላጅ ፊርማ

በሠልስቱ ዕለት ከቀትር በኋላ አንዲት ቀጭን ሴት ወደ ድንኳኑ ገብታ ከሐኒ እናት ከማሪቱ አጠገብ ተቀመጠች። አላለቀሰችም። ንፍሮ ሲያቀርቡላት አንዲት ፍሬ አንሥታ በጣቶቿ መሀል ያዘቻት።

«ድንቅቱ እባላለሁ» አለች። «የሐኒ ትምህርት ቤት አማካሪ ነኝ።»

ማሪቱ ራሷን ነቀነቀች። ጎረቤቷ ገለቴ ነጠላዋን ሳብ አድርጋ ጆሮዋን አቀረበች። የሱሉልታ ሰፈርተኛ በአንድ አፍ «ድንገተኛ ሕመም» ማለት ከጀመረ ሦስት ቀኑ ነው። የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ በገዛ እጇ መሄዷን የሚያውቅ ሁሉ ለማሪቱ ሲል ዋጥ አድርጎታል።

ሐኒ መንተባተብ የጀመረችው አባቷ በሞተበት ዓመት ነበር። ዘጠነኛ ክፍል ስትገባ ልጆቹ «ኔትወርክ» የሚል ስም አወጡላት። ለማንበብ ስትነሣ ከኋላ «ቆይ፣ እየፈለገ ነው» ይሏታል። አንድ ቀን በስልክ ቀርጸው በቴሌግራም ለቀቋት። ማሪቱ ይህን የሰማችው ከቀብር መልስ ነው። ቤት ውስጥ ሐኒ ዝምተኛ ነበረች፤ እናቷም ዝምታውን ጨዋነት ትለው ነበር።

«ሁለት ጊዜ ጽፌልዎት ነበር፤ ወላጅ ታምጣ ብዬ» አለች ድንቅቱ።

ማሪቱ የመጀመሪያውን ታስታውሰዋለች። ሐኒ ወረቀቱን ይዛ በሩ ላይ ቆማ፣ ልትናገር አፏን ከፍታ ቃሉ እምቢ ብሏት ነበር። ማሪቱ የምታውቀው ግን ወላጅ አምጪ የሚባለው ያጠፋ ልጅ መሆኑን ብቻ ነው። ወረቀቱን አንብባ እንኳ አልጨረሰችም። አባትሽ ቢኖር ይህን አትደፍሪም ነበር፣ ያጠፋሽው አንቺ፣ ይቅርታ የምትጠይቂውም አንቺ ብላ መለሰችላት።

ሁለተኛውን ሐኒ ጨርሶ አላሳየቻትም።

«ምን አጥፍታ ነበር?» ስትል ጠየቀች ማሪቱ፣ መልሱን እያወቀችው።

«ምንም። ሐኪም ዘንድ ልልካት ፈልጌ ነው። ያለ ወላጅ ፊርማ አይቻልም።» ድንቅቱ ፍሬዋን ወደ ሰሃኑ መለሰቻት። «በእግሬ መምጣት ነበረብኝ።»

ገለቴ እንደ ልማዷ በኦሮምኛ «ሃዳ ሐኒ» ብላ ጀመረችና አንገቷን ደፋች። የሐኒ እናት ማለቷ ነበር።

አመሻሽ ላይ ሰው ሲሳሳ ማሪቱ ወደ ቤት ገብታ የልጇን ቦርሳ ከፈተች። ሁለተኛው ወረቀት ደብተር ውስጥ አራት ቦታ ታጥፎ ነበር። ጥጉ ላይ በእርሳስ ተጽፎ በላጲስ የተፋቀ ነገር አለ። ወደ መስኮቱ አስጠግታ አየችው፦ «እማ፣ አላጠፋሁም።»

እስክሪብቶ ፈልጋ፣ ከታች «የወላጅ ፊርማ» በሚለው መስመር ላይ ስሟን ሙሉውን ጽፋ ፈረመች። ቀኑን ልትሞላ ብላ ተወችው። ወረቀቱን በነበረው እጥፋት መልሳ ደብተሩ ውስጥ ከተተችው፤ ቦርሳውንም ሐኒ ጠዋት ጠዋት ከምታነሣበት ከበሩ ሥር አቆመችው።