ለእኔ ብቻ የሚነሳው ኮምፒውተር

«እኔ አንድ ቀን ከዚህ ቤት ብጠፋ ሁላችሁም ጦማችሁን ታድራላችሁ!»

ይህን የምትለው ልጅ ቤት ውስጥ «ኢንጂነር» ነው የምትባለው። ስሙን ያወጡላት አያቷ ናቸው፤ ሲያወጡላት እየሳቁ ነበር። እሷ ሳቁን ትታ ስሙን ወሰደች።

ነገሩ እንዲህ ነው። እናቷ ቤት ውስጥ እየተየበች ነው የምታስተዳድራቸው። የሰው ማመልከቻ፣ የስብሰባ ቃለ ጉባኤ፣ የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ፣ ሁሉም መስኮቱ ሥር ባለችው ጠረጴዛ ላይ ይተየባል። ኮምፒውተሩ ደግሞ አልሞት ባይ ተጋዳይ ነው። ነጭ የነበረው ቆዳው እንደ አጫሽ ጥርስ ቢጫ ሆኗል፤ ሲሠራ እንደ ወፍጮ ያጓራል፤ ሲግል ምሳ ሰዓት ላይ ይጠፋና ትንፋሽ ይሰበስባል። ከዚያ በኋላ ቁልፉን ቢጫኑት ቢጫኑት፣ ወይ ፍንክች!

ኢንጂነር ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦርሳዋን ትወረውርና እጅጌዋን ትሰበስባለች። የጎኑን ክዳን ትፈታለች፣ እፍ ትልበታለች፣ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ትነካካለች፣ ሶኬቱን ነቅላ ትሰካለች፣ በመጨረሻ ጀርባውን በጥፊ ታጮለዋለች። ይነሳል።

«አያችሁ? የሚፈራው እኔን ብቻ ነው!»

ለዚህ ውለታዋ ሳህን አታጥብም። «ኢንጂነር ሳህን ሲያጥብ የት አይታችኋል?» ትላለች፤ የሚያጥቡት አያቷ ናቸው። በትምህርቱ እንደሆነ ከክፍሏ አንደኛ የምትወጣው ከታች ሲቆጠር ነው። ሰው ያደረጋት ይህ አሮጌ ቆርቆሮ ብቻ ነበር።

ታዲያ አንድ ቀን ቆርቆሮው የአንድ መምህር ረጅም ጽሑፍ ውጦ ዝም አለ። መምህሩ በር ላይ ቆሞ እናትን እንደ ተማሪው አፈጠጠባት፤ ጎረቤት ሁሉ ሰማ። በማግስቱ እናት ለአዲስ አልጋ ስታጠራቅም የነበረውን ገንዘብ ይዛ፣ ጥርሷን ነክሳ ወጣች።

ኢንጂነር ከትምህርት ቤት ስትገባ ጠረጴዛው ላይ እንደ ደብተር የሳሳ፣ ጥቁር፣ ትንፋሽ የሌለው ነገር ተቀምጧል። አሮጌው መሬት ላይ፣ ከጫማዎቹ ጋር። ደሟ ፈላ።

«ማን አማከረኝ?»

«አማካሪዬ ነሽ እንዴ?» አለች እናቷ ቀና ሳትል። «ይኸው፣ አንድ ቁልፍ ነው፤ ትጫኚዋለሽ፣ ይበራል። አያትሽ እንኳን አብርተውታል።»

«ስንት ዓመት ያበላንን ዕቃ ከጫማ ጋር? ውለታ ቢሶች!»

«ያበላሁሽ እኔ ነኝ!» እናት ብድግ አለች። «እሱማ ደጄ ላይ አሰደበኝ! አሁን አስነሺውና ውስጡ የቀረውን ሥራዬን በፍላሽ አውጪልኝ። ነገ አሮጌ ዕቃ ገዢው ይወስደዋል።»

ኢንጂነር የንዴት ሳቅ ሳቀች። እጇ ላይ ወደቁ!

«አላስነሳም! እስቲ ያለ እኔ አስነሱትና ልያችሁ!»

በሩን ድርግም አድርጋ ወጥታ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ሲለምኗት የምታደርገውን አሰናዳች፦ መጀመሪያ ዝም፤ ቀጥሎ ፊት ማዞር፤ ከዚያ «አሮጌው ወደ ጠረጴዛው፣ አዲሱ ወደመጣበት!» እግሯ ላይ ሲወድቁ ታያት።

ማንም አልመጣም። የጎረቤት ሴትዮ ልብስ ልትሰበስብ ወጥታ «ዛሬ ደግሞ ማን ነካሽ?» ብትላት ገላመጠቻት። ብርዱ ሲገባት ንዴቷም አብሮ ገባ። ይሄኔ ከቤት ውስጥ ወፍጮው አጓራ።

እንደ ጥይት ተፈናጥራ ገባች። አሮጌው መሬት ላይ እንዳለ ስክሪኑ በርቷል። እናቷ አጠገቡ ተንበርክካ ሥራዋን ወደ ፍላሽ ታሻግራለች። አያቷ ወንበር ላይ ሆነው ጉልበታቸውን እያሻሹ ነው።

«ማን አስነሳው?»

«እኔ ነኛ» አለች እናት።

«ክዳኑን ፈታሽው?»

«ለምን እፈታዋለሁ?»

«እፍ አላልሽበትም? ጥፊውስ?»

«ምን አድርጎኝ እመታዋለሁ? ሶኬቱን ነቅዬ መለስኩት፣ ተነሳ። ሁልጊዜም እንዲሁ ነው።»

«ታዲያ ለምን አልነገራችሁኝም?»

እናት ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ሲነሳልሽ ፊትሽ ይበራል። ምን ብለን እንንገርሽ?»

ይህ ከስድብ ባሰባት። እንባዋ ዓይኗን ሲሞላው ጭራሽ ተቆጣች።

«ውሸት ነው! ዛሬ አጋጣሚ ነው! ያለ እኔ አንድም ቀን ተነስቶ አያውቅም! እማማ፣ እርስዎ ይመስክሩ!»

አያቷ ጉልበታቸውን ማሻሸት አላቆሙም።

«አንቺ ጠዋት ትምህርት ቤት ስትሄጂ እናትሽ የጠፋ ኮምፒውተር ስትነካካ የምታረፍድ መስሎሽ ነው? በይ ተነሺ፣ ሳህኑ ተከምሯል።»