አንድ እግር ጫማ

ቃ! ቃ! ቃ! ጭልፋ የድስት ክዳን ሲመታ ግቢው በሙሉ ሰማ። የሕፃናት ማቆያው ልጆች ድምፁን ያውቁታል፤ "ምሳ ደርሷል" ማለት ነው። ዛሬ ግን ገና ረፋድ ነበር። ልጆቹ በባዶ እግራቸው ሮጠው ሲሰበሰቡ ምግብ አብሳይዋ እማማ ጭልፋ ወገቧን ይዛ ጠበቀቻቸው።

"ጫማችሁን ምን ዋጠው?"

ሁሉም በጣታቸው ወደ ማቆያው ዳይሬክተር ጠቆሙ። ዳይሬክተሩ የዕቃ ቤቱን በር ቆልፎ ቁልፉን ኪሱ እየከተተ ነበር።

"እማማ፣ ቀስ ይበሉ። ዛሬ የምትመጣው እንግዳ የሚረዳን የባሕር ማዶ መንግሥት የላካት ናት። ለችግረኛ ልጆች የሚሰጡትን እርዳታ ሊቀንሱ አስበዋል አሉ። ልጆቹ ደልቷቸው ካየች 'እነዚህማ ምን ጎደላቸው?' ብላ ትሄዳለች። ያኔ የእርስዎም ድስት ይደፋል።"

"እና ስንት ዘመን አብልቼ ያፋፋሁትን በአንድ ጠዋት ላክሳልህ?"

"ልጆቹ ትንሽ አዘን ይበሉ ብቻ!"

ልጆቹ ለማዘን ሞከሩ። አንዱ ከንፈሩን ጣለ፤ ሌላው አንገቱን ደፋ። ጉንጮ የሚሏት ልጅ ግን ጉንጮቿን ወደ ውስጥ ስባ ለመክሳት ስትታገል ቆይታ ትንፋሿ አመለጣትና ፑፍ! አለች። ግቢው በሳቅ ተናጋ። እንግዳዋ በሩን ገፍታ የገባችው ይኼኔ ነው።

ሴትዮዋ ቋንቋውን ሰብራም ቢሆን ትናገራለች። ጉንጮ ፊት ቁጢጥ አለች።

"ጫማ የለሽም?"

"አለኝ" አለች ጉንጮ፤ አፏ መዝጊያ የለውም። "ዕቃ ቤት ተቆልፎበት ነው።"

ዳይሬክተሩን ሳል ያዘው። እማማ ጭልፋ ዝም ብትል ልጆቹ ማስመሰልን ከእሷ ሊማሩ ነው፤ ብትናገር ደግሞ ድስቱ ባዶውን ሊቀር ይችላል። ጭልፋዋን ብብቷ ሥር ሸጎጠችና እጇን ዘረጋች።

"ቁልፉን አምጣ፣ ልጄ።"

"እማማ፣ በሞቴ..."

"አምጣ አልኩህ!"

በሩ ሲከፈት ልጆቹ ጫማው ላይ ተረባረቡ። ጉንጮም የራሷን አግኝታ መሬት ላይ ዘጭ አለች። እንግዳዋ ልታግዛት ጎንበስ ብላ ብትገፋ፣ ብትስብ፣ እግሩ አልገባ አለ።

"ተረከዙን ረግጬ ነው የማደርገው" አለች ጉንጮ፣ እንደ ሙያ።

"አምና በእናንተ ገንዘብ ሲገዛላት ጫፉ ላይ ጨርቅ ጠቅጥቀንላት ነበር" አለች እማማ ጭልፋ። "ያኔ ከመክሳቷ የተነሣ ቆማ መሄድም ያቅታት ነበር። ይኸው ገንዘባችሁ፣ እግር ሆኖ በቀለ! ስለ ወፈሩ ምሳቸውን ከከለከላችኋቸው ግን፣ እኔ ምን እላለሁ፤ ሆድ እንደሆነ የአምናን ውለታ አያውቅም።"

እንግዳዋ ጫማውን ከጉንጮ እግር ጋር ገጥማ ለካችው። የልጅቷ ጣቶች ከጫማው አልፈው ወጥተው ነበር። ሴትዮዋ ትንሽ ፈገግ አለች። ከዚያ ያንን አንድ እግር ጫማ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ተነሣች፤ የእማማ ጭልፋን እጅ በሁለት እጇ ጨበጠች።

"ኧረ ጫማዬን!" አለች ጉንጮ።

"አንዱን ብቻ ምን ሊያደርግላት ነው?" አለ ዳይሬክተሩ፣ ዓይኑ ፈጥጦ።

እንግዳዋ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋ፣ "ለላኩኝ ሰዎች ላሳይ" ብላ በበሩ ወጣች።